ሀ በቆሪው ጀርባ ላይ

ሲይዙኝ ጠመኔ በእጄ ነበር። ሮቤ ነው፣ ጠዋት፤ ገና ቀኑን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች በሩን ሞልተው «መምህር፣ ለአንድ አፍታ ውጭ እንፈልግህ ነበር» አሉኝ። ልጆቹ እንግዳ ሲመጣ እንደለመዱት ብድግ ብለው ቆሙ። እኔም ጠመኔዋን ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። ያቺ አፍታ ክረምቱን በሙሉ በላች።

ጥፋቴ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ባሌ ውስጥ መሬት እየተለካ ግብር ሲጨመር ገበሬው አቤቱታውን የሚጽፍለት ሰው ፍለጋ ይንከራተት ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ አልችልም፤ ቱግ ማለት ይቀናኛል፣ ብዕሬም ከአፌ የባሰ ነው። ለአንዱ ጻፍኩ፣ ለሌላው ጻፍኩ፣ በመጨረሻ «ሕዝብ አነሳሽ» ተባልኩና በላንድሮቨር ጭነው ጎባ ወሰዱኝ።

ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ አለው፤ እርጥብ የበግ ቆዳ ይሸታል። ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ የሚገባው ብርሃን ሳይሆን ጉም ነው። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ጠጋ በል ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ያፈሳል» ብሎ የተቀበለኝ የከብት ነጋዴ ነበር። ለሽፍቶች በሬ ሸጠሃል ብለው ነው ያሰሩት። ከእሱ ጎን ከገሰራ የመጣ ዲያቆን ተቀምጧል፤ እሱ ስለ ግብሩ ያልተገባ ነገር ተናግሯል ተብሎ ነው። ጥጉን ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ ከጎሮ በኩል ናቸው። ሥራቸው ሉህ መጥረብ ነው፤ የቁርኣን ተማሪዎች የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ። የአገሩ ልጅ ሁሉ ፊደል የቆጠረው እሳቸው በጠረቡት እንጨት ላይ ነው። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልጻፉበትም።

«እኔ እንጨቱን አለሰልሳለሁ፣ የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» ይሉ ነበር ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየዘለሉ። «አካም ቡልተን?»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብለው ካልጠየቁን ጠዋቱ ጠዋት አይሆንም ነበር።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ያን ቀን ጠዋት ባለቤታቸው ከጎሮ ጩኮ ይዘው መጡ። ጩኮ ማለት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ የታሸ ነው፤ ቆሪ በሚባለው የእንጨት ገበታ ነው የሚመጣው። ቆሪውን ያቀበለን ዘበኛ ለሽማግሌው እንዲህ አላቸው፦

«ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ ይፈልግሃል። ጣትህን ታጠብ።»

ጩኮው ማንም ሳይነካው ቆየ። ሁላችንም ነገሩን እናውቃለን። ሻምበሉ አንድ የተዘጋጀ የእምነት ቃል አለው፤ ቀደም ሲል አስነብቦላቸዋል። «እኔና እነዚህ ጎረቤቶቼ ለሽፍታ ስንቅ አቀብለናል» ይላል፤ ከዚያ ሽማግሌው አንድ በአንድ የቆጠሩልን የጎረቤቶቻቸው ስም ይከተላል፤ አንዱ ልጃቸውን ያገባው አማቻቸው ነው። ሽማግሌው ጣታቸውን ካሳረፉበት ያ ሁሉ ሰው ይለቀማል፣ ከብቱ ይነዳል። እሳቸውም ይህን ስላወቁ ነው እስካሁን እምቢ ያሉት።

«እምቢ ማለት ምን ያደርጋል?» አለ ነጋዴው፤ አውራ ጣቱን አወጣና አሳየን። ሐምራዊው ቀለም ገና ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። «እኔም እምቢ ብዬ ነበር። ‹ምስኪን፣ መጻፍ አያውቅም፣ እጁን እናግዘው› አሉና ሁለት ሰው ይዞኝ አስነኩኝ። እማኞቹ እዚያው ቁጭ ብለው ያያሉ። ምን ይበሉ? የማይጽፍን ሰው ማገዝ ነው እኮ!»

እኔ ይህን ስሰማ ብድግ አልኩ። ቤቱ ዝቅተኛ ነው፣ ጭንቅላቴ ከወጋግራው ተጋጨ፤ አላመመኝም። ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «ጣት ተይዞ ይታተማል። መጻፍ ግን በግድ አይሆንም! እማኞቹ ፊት በእጅዎ ከጻፉ ‹አያውቅም፣ እናግዘው› የሚሉት ነገር ቀረ።»

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «እኔ ምን እጽፋለሁ?»

«አንድ ፊደል! ፊርማ ማለት እኮ ሰው በእጁ ያስቀመጠው ምልክት ነው። አንድ ፊደል ይበቃል።»

ኪሴ ገባሁ። ያቺ የሮቤ ጠመኔ አለች፤ ሲፈትሹኝ ማን ጠመኔ ከቁም ነገር ይቆጥራል! ጩኮውን ወደ ነጋዴው ጋቢ ገለበጥንና ቆሪውን ደፋነው። ሽማግሌው ጀርባውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ዋንዛ ነው» አሉ። «ሉህ ይሆናል።»

በሉ እንግዲህ፣ የትኛው ፊደል? እዚህ ላይ ነው ቤቱ የደመቀው። ዲያቆኑ ቀድሞ ተንደረደረ፦ «ተ! ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ቶሎ ይያዛል።» ጻፍኩት። ሽማግሌው ቆሪውን ወደ መስኮቷ አዞሩና አዩት፤ ከዚያ ዲያቆኑን አዩት።

«አንተ ሰው፣ መስቀል አስይዘህ ልታጠምቀኝ ነው?»

ሳቃችን ዘበኛውን አስደነገጠው፤ በሩን በዱላ ደበደበ። ነጋዴው እየተንሾካሾከ «ዐን እንስጣቸው፣ ክብ ነው፣ ምን ይከብዳል?» አለ። ጻፍኩት። ሽማግሌው ገና እንዳዩት ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ይሄማ ያው ጣት ነው።» እውነታቸውን ነበር፤ ቁርጥ የአውራ ጣት አሻራ ይመስላል።

ያን ጊዜ ሀን ጻፍኩ። ከላይ ክፍት፣ ከታች ክብ።

ነጋዴው አንገቱን አስግጎ «ቀንድ!» አለ። «የቦረና በሬ ቀንድ! እንዲህ ዓይነቱን በሬ ገበያ ላይ ባገኝ ዋጋ አልከራከርም።» ዲያቆኑ ደግሞ ተቆጣ። ሀ ቀንድ አይደለም፤ የፊደል ሁሉ ራስ ነው፣ እኛ ዘንድ ሀ ስንል ዓለም ሳይፈጠር የነበረውን ማለታችን ነው ብሎ ጣቱን እያወዛወዘ አስተማረን። እኔ በበኩሌ ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፋት ያየኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ። ሁላችንም ስንጯጯህ ሽማግሌው ሁለት እጆቻቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ደረታቸው ፊት ዘረጉ፤ መዳፎቻቸው ወደ ላይ፣ ታችኛው ጫፋቸው የተጋጠመ።

«ዱዓ ነው» አሉ በዝግታ። «ሰው ሲለምን እጁ እንዲህ ነው።»

ቆሪውን አየሁ፤ እጃቸውን አየሁ። ያው ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ መምህር ሆኜ አንድም ቀን ይህን አላየሁትም! «ጋሪ!» አልኳቸው፤ ግሩም ማለት ነው፤ ኦሮምኛዬ ከዚህ የሚያልፍ ቢሆንም በደስታ ጊዜ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ልምምዱ ቀላል አልነበረም። ያ እንጨት የሚያለሰልስ እጅ ጠመኔ ሲይዝ ምሳር የያዘ ይመስላል። አንዴ ጎኑ ይወድቃል፣ አንዴ ታቹ ይሾላል፣ አንዴ ጠመኔው ይሰበራል። «ዝቅ... ዞር... አሁን ወደ ላይ!» እላለሁ እኔ። ነጋዴው «ቀንዱን ቀና ያድርጉት!» ይላል። ዲያቆኑ ትንፋሹን ይውጣል። ሲሳካላቸው ሦስታችንም እንደ እብድ ተቃቀፍን፤ እሳቸው ግን ገና ቆሪውን እያዩ ነበር።

ከዚያ ውኃ ጠየቁ። የቁርኣን ቤት ልማድ ነው፦ ሉህ ላይ የተጻፈው ዝም ብሎ አይደመሰስም፤ ይታጠብና ውኃው ይጠጣል። ትምህርቱ ወደ ውስጥ ይግባ ማለት ነው። የቆሪውን ጀርባ በጥንቃቄ አጠቡት፤ ነጭ ውኃ ወደ ጣሳው ወረደ። ጠጡና ለነጋዴው አቀበሉት። ነጋዴው ጠጣ። ዲያቆኑ ላይ ሲደርስ ጣሳውን ይዞ ትንሽ ቆየ።

«ጸበል ነው እንበለው» አልኩት።

«ሀ አይደለች? የአብ ናት» አለና ጨለጠው። የቀረችው ለእኔ ነበረች። አሸዋ አሸዋ ትላለች፤ አሁንም ምላሴ ላይ አለች። ጩኮውን በላን።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው መጣ። የዕድል ነገር፣ አስተርጓሚው ዲንሾ ሄዶ ነበርና «አንተም ና፣ ታስተረጉማለህ» አለኝ። ሻምበሉ ክፍል ውስጥ ምድጃ ይነዳል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱና በሐምራዊ ቀለም የራሰ ስፖንጅ አለ። ሁለት እማኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የጎባ ነጋዴዎች ናቸው፣ አንደኛው ጺማቸው የሸበተ ጨርቅ ሻጭ።

«እጁን አግዘው» አለ ሻምበሉ ለወታደሩ።

ሽማግሌው እጃቸውን አላወጡም። «እኔ በእጄ እጽፋለሁ» አሉ በአማርኛ። ጠዋት ያጠናናት ዓረፍተ ነገር ናት።

ሻምበሉ ሳቀ። «ጎሮ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ እንዴ?» አለና ባዶ ወረቀትና ብዕር ወረወረላቸው። «በል፣ ጻፍ እስቲ።»

ቢስሚላህ ብለው ጎንበስ አሉ። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ያዙ። ብዕሩ ከግራ ተነሣ፣ ወረደ፣ ታች ሲደርስ ቆም አለ። እኔ ሆዴ ውስጥ «ዞር! ዞር!» እላለሁ። ዞረ። ወደ ላይ ወጣ። ቀኙ ከግራው ትንሽ ረዘም አለ፣ ግን ወረቀቱን የሞላች ሀ ናት!

«ጎሽ!» አመለጠኝ። ወታደሩ ማጅራቴን መታኝ። ይምታኝ!

«ይሄ ደግሞ ፊርማ ነው?» አለ ሻምበሉ።

ጨርቅ ሻጩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወረቀቱን አዩት። «የእኔም ከዚህ አይበልጥም ጌታዬ። በእጃቸው ጽፈዋል፤ ሁለታችንም አይተናል» አሉ።

«መልካም። እንግዲህ እቺኑ እዚህ ላይ ይድገማት።» የእምነት ቃሉን ገፋላቸው።

ሽማግሌው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ቀስ ብለው፣ እንዳይንከባለል በወረቀቱ ጠርዝ ደግፈው። «ዲዴ» አሉ።

«ምን አለ?» ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እምቢ አሉ፣ ጌታዬ።» ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ፤ ልቀንሰው ብል እምቢ አለኝ።

«ጣቱን አምጡት!»

ወታደሮቹ ተንቀሳቀሱ። ጨርቅ ሻጩ ግን አልተቀመጡም። «የሚጽፍ ሰው ጣት ላይ እማኝ አልሆንም። ዳኛው ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እምላለሁ? ወላሂ አልችልም» አሉ። ሁለተኛው እማኝ ጫማውን እያየ «እኔም» አለ። ሻምበሉ የስፖንጁን ክዳን ገጠመው።

ሽማግሌውን ለብቻ አቆዩአቸው። ወደ እኛ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው አብጦ ነበር። አልጠየቅናቸውም። ከባለቤታቸው ዳግም የመጣውን ጩኮ በግራ እጃቸው እየቆረሱ አደሉን፤ ለዲያቆኑ ትልቁን ሰጡት። የእምነት ቃሉ ግን ጣት ሳያርፍበት ቀረ።

ከተፈታሁ በኋላ አላስቻለኝም፤ በገበያ ቀን ጎሮ ሄድኩ። እሳቸውም ተፈተው ነበር። ሉሆቻቸውን መሬት ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ድኗል። ሲያዩኝ ተነሥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙና ወደ ገበያው በኦሮምኛ ጮኹ፤ «መምህሬ መጣ!» ማለታቸው ነው። ሰው ተሰበሰበ። አንድ በአንድ ስማቸውን ነገሩኝ፤ ስሞቹን ገና ሲጠሩልኝ አወቅኋቸው፤ ያ ወረቀት ላይ የነበሩት ናቸው! አማቻቸው አለ፣ ጎረቤቶቻቸው አሉ፣ በየበሬያቸው ፊት ቆመው።

«ቀሪውን ፊደል ላስተምርዎት?» አልኳቸው።

«አንዷ በቃችን» አሉና ሳቁ። ወደ ሰዎቹ ዞረው አንድ ነገር አሉ። አማቻቸው ዱላውን አነሣና አቧራው ላይ አንድ ሀ ጻፈ። ቀጥሎ ያለው ጻፈ። ቀጥሎ ያለውም። የዱላ ጫፍ ሁሉ ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። አገሩን በሙሉ አስተምረውታል! ግብር ተቀባዩ ደረሰኝ ባስፈረመ ቁጥር «የዚህ አገር ሰው ሁሉ ስሙ አንድ ነው ወይ?» እያለ ያብዳል አሉኝ። ያን ያህል ስቄ አላውቅም፤ ስስቅ ግን ፊቴ ርሶ ነበር።

አሁን አርጅቻለሁ። ሽማግሌው ካረፉ ቆዩ። ወረቀት መፈረም ሲያስፈልገኝ መጀመሪያ አንድ ሀ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ስሜን አስከትላለሁ። ቀበሌ ያለችው ልጅ ዘንድሮም ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ስምዎ እኮ በሀ አይጀምርም።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አልኳት። «እሷን አትሰርዢያት።»