ሳህኔን የለዩብኝ ሰሞን

በዘጠናዎቹ ዓመታት ቤይሩት፣ ሐምራ ሰፈር የሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ማዳሜ የመኖሪያ ፈቃዴን ልታሳድስ ደም አስመረመረችኝ። የጉበት ቫይረስ ምልክት ተገኘብኝ።

"ሐኪም ይይሽ" አለች። "ከታመምሽ ግን፣ ያኒ፣ ወደ አገርሽ ነው።"

እሷን ብዙም አልቀየምኳት። የተቀየምኩት የአገሬን ልጅ ነው። እሁድ እሁድ የማርፈው ዳሒዬ በሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር በጋራ በተከራየናት ክፍል ነበር፤ እዚያው አብረን እንጸልያለን። ጭንቀቴን ለጸሎት መሪያችን ብቻ ነገርኳት። በሚቀጥለው እሁድ ሁሉም ትሪውን ከበው ሲቀመጡ የእኔ ምሳ በፕላስቲክ ሳህን ለብቻው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

"እህቴ፣ እንዳትቀየሚ፤ እየጸለይንልሽ ነው" አለች መሪያችን።

"በሩቁ?" አልኳት።

ከመካከላቸው ትንሿ ሳቀች። መሪያችን አልሳቀችም። ከምሳ በኋላ ግን መስታወት ፊት ተቀምጣ፣ ሁላችንም በምንጠቀምበት ምላጭ፣ እኔም ባለፈው እሁድ በተቀነደብኩበት፣ ቅንድቧን አስተካከለች።

ሐኪሙ እርጋታ ያለው ሽማግሌ ነበር።

"ዓይንሽ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?" አለኝ።

ያውቃል። በወጣትነቴ የወፍ በሽታ ይዞኝ ቅጠል ጨምቀው አጠጥተውኝ ነበር። ቫይረሱ በደም፣ በመርፌ፣ በስለት፣ በወሊድና በግንኙነት እንደሚተላለፍ፣ በሳህንና በብርጭቆ ግን እንደማይተላለፍ አስረዳኝ። ጉበት ውስጥ ይገባል፤ የብዙ አዋቂዎች ሰውነት ራሱ ታግሎ ያስወጣዋል፣ የትግሉ ምልክት ግን ደም ውስጥ ይቀራል። የማይወጣለት ሰው ወራት የሚፈጅ መርፌ ይወጋል፤ እሱም ለሁሉም አይሠራም። እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ ለማወቅ ደሜ ዳግመኛ ተቀዳ።

ውጤቱ ሲመጣ "ኸላስ፣ አለቀ፣ ቫይረሱ የለም" አለኝ። "ሰውነትሽ ድሮ አሸንፎታል።"

ወጥቼ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩ።

እሁድ ለሁሉም ነገርኳቸው።

"ጸሎታችን ተሰማ" አለች መሪያችን።

"ሐኪሙ ሳህን አያስተላልፍም ብሏል። ምላጭ ነው የሚያስተላልፈው።"

ሁሉም እጃቸውን ወደ ቅንድባቸው ሰደዱ።

"እኛስ ታዲያ?" አለች ትንሿ።

"ከእኔስ የሚይዛችሁ የለም። ግን ምላጩ የሁላችሁም ነው፤ ተመርመሪ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

መሪያችን ወደ ጎን ጠጋ ብላ ትሪው ዙሪያ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጠግቤያለሁ አልኳት፤ ርቦኝ ነበር። ወጥቼ ፈላፍል ሳንድዊች ገዛሁ። ትንሿ ተከትላኝ መጣችና ሳትጠይቀኝ ከእጄ ገመጠች።