ባለ እጀታው የቅቤ መናጫ

ቆሰበር ላይ ክረምት ከገባ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታም እዚያው ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ የቀረችኝ አንዲት ላም ናት፤ ልጅ የለኝ፣ ዘመዶቼም ዳንግላ ናቸው። አገሬው እርስ በርሱ ሲጫወት በአዊኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታው አልፌ ብዙም አልሰማ። ሳምንቱን ሙሉ የማናግረው ላሜን ነበር። እሷም ሳልሰለቻት አልቀረሁም።

አንድ ቀን ብቻ ነበረችኝ፤ የመናጥ ቀን። የሰፈሩ ሴቶች እንደኔው ባለ አንድ ላም ናቸው፤ የአንድ ላም እርጎ ደግሞ ለትልቁ መናጫ ቅል አይበቃም። ስለዚህ እንደ ዕቁብ ተሰባስበን የሁላችንንም እርጎ አንድ ላይ እንንጥና ቅቤውን በተራ እንወስዳለን። የሚናጠው እኔ ቤት ነው። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ በሩን ዘግተን እንደ ልባችን። መዝጋት ግድ ነው፤ ወተት ለሰው ዓይን አይገለጥም። ቅሉን እየተቀባበልን እስከ እኩለ ቀን እንንጣለን፤ ሐሜቱ፣ ሳቁ፣ ሲመጣብንም ልቅሶው። ለእኔ ሲሉ ወሬውን ወደ አማርኛ ይመልሱልኛል። ያቺ ቀን ባትኖር አብድ ነበር።

ከዚያ መቅረት መጣ። አንዷ ወገቤን አለች፣ ሌላዋ ትከሻዬ ተገነጠለ አለች። አንዷ ጭራሽ መጥታ እርጎዋን ይዛ ሄደች፤ "እኔ ለቅቤ ብዬ አልሞትም" አለችን። ሦስት ቀረን። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። መናጡ ከብዷቸው ከተበተኑ እኔን ምን ይውጠኛል?

አናጢው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ዳንግላ የሞተር ወፍጮ ገና የገባ ጊዜ እዚያ የሠራ ወጣት ነው፤ ወደኛ የመጣው ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥራ ሲሆን የጓሮዬን ጎጆ ተከራየኝ። የወፍጮውን መዘውር ሲዞር አይቶ አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ገብቷል፤ ቅቤን በእጀታ እያዞሩ ማውጣት። አንድ ትልቅ የዋንዛ ግንድ ፈለፈለ፣ በውስጡ የሚሽከረከሩ የቀርከሃ ክንፎች አደረገለት፣ ከአሮጌ መኪና ብረት እጀታ አስቀጠቀጠለት።

"እትዬ፣ ይህ የሴቱን ድካም ያስቀራል" አለኝ።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ድካሙ ከቀረ ሴቶቹ አይቀሩም! የገባሁበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ለሙያ ፍቅር ብዬ አይደለም።

ሞከርነው። ቅቤው እውነትም ቶሎ ወጣ። በሳምንቱ ስንከፍተው ግን፣ ኧረ ሽታው! ለካ ክንፎቹን ውስጥ በሚስማር ቸንክሯቸዋል፤ እጅ አይገባ፣ አይታጠብ፣ በወይራ ጭስ ላይ ቢደፋ ጭሱ አይደርሰው።

"ይህ እንዴት ነው የሚታጠነው?" አልኩት።

"መታጠን አለበት እንዴ?" አይለኝም!

"አንተ ሰው፣ ያሳደገችህ እናት ናት ወይስ ጅብ? ባልታጠነ ዕቃ እርጎ የምትንጥ ሴት በዚህ አገር አለች?"

ተቆጣ። "እኔ አናጢ ነኝ እንጂ የላም አላቢ አይደለሁም፣ እትዬ። እርስዎ ስለ እንጨት ምን ያውቃሉ?"

"እንግዲያው ሳጥን ሥራ!" ብዬው በሬን ዘጋሁ። ተኮራረፍን። የመዶሻውን ድምፅ ከጓሮ እየሰማሁ ላሜን አለብኩ። በኋላ ራሱ አንኳኳ። ክንፎቹን ከነዘንጋቸው ተመዘው የሚወጡ አድርጓቸው መጣ። ልጁ ሲቆጡት ይሠራል።

ቀጥሎ ገበያ አወጣነው። እዚህ ላይ ሁለታችንም ጅሎች ነበርን። ሰው ሲዞር ካላየው ምን ብሎ ይገዛል? ግን በገበያ መሐል እርጎ እንዴት ይናጣል? ዓይን ይገባዋል። የራሴን እርጎ እንኳ ልሰጠው አልደፈርኩም። "በውሃ እናሳያቸው" አለኝ። እኔም "ደግ ብለሃል" አልኩ።

ውሃ ሞልቶ ያዞር ጀመር። ሰው ከበበን፤ ፈረሰኞች ሳይቀሩ ልጓም ይዘው ቆሙ። ወዙ ጠብ እስኪል አዞረ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አጮለቁና "ምን ወጣው?" አሉ።

"ምንም አባቴ፣ ውሃ ነው። ለማሳየት ነው።"

"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!" አሉ ጮክ ብለው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ገዢ ቀርቶ ደህና ዋላችሁ የሚለን ጠፋ።

በዝናቡ እሱ ተሸክሞት ተመለስን። ያ ሁሉ ትከሻ ጎብጧል። "ፈልጬ ማገዶ አደርገዋለሁ" አለ።

"ሞክረኛ! ከእኔ ምጣድ ሥር እንዳላየው!" አልኩት። ማገዶ ከሆነ የኔም ነገር አበቃ። ሴቶቹ ያኔ ሁለት ቀርተውኛል።

እቤት ገብተን እሳት እየሞቅን፣ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ያለችውን አነሣሁለት። መናጫውን ብድግ ለማድረግ ሞክራ፣ አቅቷት፣ "ይህን ማን ይሸከመዋል? የእኔ ላም እርጎ ታቹን እንኳ አያርሰውም" ብላ ነበር የሄደችው። "ትንሽ ሥራ" አልኩት። "አንዲት ሴት አዝላ የምትገባው፣ የአንዲት ላም እርጎ የሚበቃው። ገበያውንም ተወው፤ እኔ በየቤቱ አስገባዋለሁ።" በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ትንሹን ሠራ። ሲያዩት ያምራል፤ ዋንዛው በቅቤ ተወልውሎ ያበራል። በጋቢዬ ሸፍኜ፣ ዓይን ሳያየው፣ ቤት ለቤት ዞርኩ። በር ይዘጋል፣ ሴትዮዋ በራሷ ወይራ ታጥነዋለች፣ የራሷን እርጎ ትጨምራለች፣ በገዛ እጇ ታዞራለች። እርጎው መጀመሪያ ይንቦጫረቃል፤ ቅቤው መሰብሰብ ሲጀምር ድምፁ ይወፍርና እጀታው ይከብዳል። ያን ጊዜ ሴቶቹ ይጮኻሉ! አንዷ እልልታዋን ብታቀልጠው ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት መጣ። በዚያ ክረምት ያልገባሁበት ቤት የለም፤ ከሠርጌ ወዲህ ይህን ያህል ሰው አቅፎ ስሞኝ አያውቅም። "እሰይ፣ አሁን ሁሉም ይመለሳሉ" እያልኩ እመለስ ነበር።

ነገሩ ግምጃ ቤት ከተማ ደረሰ፣ ጫግኒ ነጋዴዎች ዘንድ ደረሰ። አናጢው ሥራው በዛበትና ከመኪናው መንገድ አጠገብ ልሁን ብሎ ወደ ዳንግላ ተመለሰ። ሲሄድ ጉልበቴን ስሞ ለእኔም አሳምሮ የሠራውን አንዱን ሰጠኝ። ጎጆው ባዶ ቀረ። አልከፋኝም፤ የጠበቅሁት እሱን አልነበረም።

የመናጥ ቀናችን ደረሰች። ቤቴን ጠርጌ፣ ሽሮ ሠርቼ፣ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ዝናቡ ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ፀሐይ ነበር፤ ማንም አልመጣም።

ከሁሉ ኋላ ድረስ ያልተለየችኝ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሕፃኗን እያጠባች በሌላ እጇ እጀታውን ታዞራለች።

"ምነው ጠፋችሁብኝ?" አልኳት።

"ከየት?" አለችኝ። ረስታዋለች!

"ከመናጡ ነዋ።"

ሳቀች። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ክፋት የማታውቅ ሴት ናት። "ውይ እቴ! አሁን ደግሞ ምን አንከራተተሽ? ብቻሽን ትጨርሺው የለ! አንቺ እኮ ነሽ ያሳረፍሽን። እግዜር ድካምሽን ያቅልልሽ!" ብላ አሬራ ቀድታ ሰጠችኝ።

"አሜን" አልኩ። አሬራውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ መናጫዬን አጠንኩ፤ እርጎዬን ጨምሬ ማዞር ጀመርኩ። ቅቤው ወዲያው ወጣ። በሩን ከፍቼ ሳይ ገና ረፋድ ነበር፤ እኩለ ቀን እንኳ አልደረሰም።