በወንድሜ ስም የተከፈተ ድረ ገጽ

የጄኔሬተር ጭስ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ ግን ወንድሜ ነው። ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፋና ፊት ለፊታችን ያለው ፎቶ ቤት ጄኔሬተሩን አስነሳ። ቤንዚኑ ሲሸተኝ እጄ ሳላዘው ስልኬን አነሳ።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ሆሳዕና መሀል አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር እዚያ እገባለሁ። የኪቦርዶቹ ፊደል በጣት ብዛት ተፍቋል፣ መጋረጃው ከፀሐይ ነጥቷል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በጓሮ በኩል ያጓራል፣ ጭሱ በመስኮት ይገባል፣ እኛም እያሳልን እንሠራለን። የምንሠራው የራሳችንን ድረ ገጽ ነበር። የፎንቆ ገበያ ፎቶ፣ አባታችን ሳይሞት በሀዲይኛ የነገረን ተረት፣ የወንድሜ ቀልዶች፣ ከታች ደግሞ እንግዳ የሚጽፍበት ቦታ አለው። ከላይ በትልቁ «ቤታችን ነው፤ ግቡ» ይላል። ማን እንደሚገባ እግዜር ይወቀው።

ጓደኞቹ ሁሉም የሚውሉበት ትልቁ መድረክ ላይ ገጽ ከፍተው ስለነበር ይስቁበት ነበር። «ሰው ያለው እዚህ ነው፤ አንተ ጫካ ውስጥ ቤት ትሠራለህ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ግትር ነው። «እናንተ እዚያ ተከራይ ናችሁ፤ ባለቤቱ የከፋው ቀን ዕቃችሁን ውጭ ይጥለዋል» ይላቸዋል። እናቴ ስለ ኢንተርኔት አንድም ነገር አታውቅም፤ ይህን ግን ወዲያው ገባት። «ጓሮው እንሰት ያለው የሰው ደጅ አይጠናም» አለች።

የድረ ገጹን ስም ለማስመዝገብ ውጭ ያለው አጎታችን በካርዱ የአሥር ዓመት ከፈለልን። ወንድሜ «ጎበዟ አንቺ ነሽ» ብሎ የእኔን ስም ሊሞላ ነበር። እናቴ አልፈቀደችም። «ቤት በበኩር ስም ነው የሚሆነው» አለች። ወግ ነውና ማንም አልተከራከራትም። በእሱ ስም፣ በእሱ ኢሜይል ተመዘገበ። ለእኔ የደረሰኝ ውስጡን የምጽፍበት የይለፍ ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ እንደ ሰፈሩ ወጣት ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ልቡን ወሰደው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሞያሌ ነው። ከኋላው የመኪና ሞተርና የሚቆጣ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። «ደላሎቹ ስልካችንን ሊሰበስቡ ነው» አለኝ። «ቁጥራችሁ ቢጠፋብኝ እንኳ ቤታችን አይጠፋኝም። የትም ብሆን እዚያ እጽፋለሁ። ብቻ ክፍት ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማነውም። ቤቱን ግን ክፍት አደረግሁት። የእንግዳ ቦታው ላይ የሚጽፉት የፈረንጅ መድኃኒት ሻጮች ብቻ ነበሩ፤ በየማለዳው እነሱን እጠርጋለሁ። ስልኬን ስከፍት እናቴ «ክፍት ነው?» ትለኛለች። «ክፍት ነው» እላታለሁ። ጽፏል ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

የአክስቴ ልጅ «በዚህ ዘመን ድረ ገጽ ማን ያያል?» ብሎ የወንድሜን ፎቶ ትልቁ መድረክ ላይ ለጠፈው። አገር ምድሩ ተቀባበለው፤ «ፈጣሪ ያገናኛችሁ» ያላለን አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ የለጠፈበት ገጽ ተዘጋ። የዘጋው ማሽን ነው ተባለ፤ ለምን ብለን የምንጠይቀው ሰው አጣን። ማሽን ምን ተብሎ ይለመናል?

ዓመታት ሲያልፉ ሽማግሌዎች መጡ። «ድንኳን እንትከልና እርማችንን እናውጣ» አሉ። እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። «ቤቱ ክፍት ነው፤ እሱ ክፍት እያለ ለቅሶ አልቀመጥም» አለቻቸው። የትኛውን ቤት እንደምትል ሳይገባቸው ሄዱ።

አሥሩ ዓመት ዘንድሮ ሞላ። ላሳድስ ብዬ ስሙን ለመዘገበው ድርጅት ጻፍኩ። ባለቤቱ በራሱ ኢሜይል ያረጋግጥ አሉኝ። ባለቤቱ ጠፍቷል አልኳቸው። በጣም በትሕትና መለሱልኝ፤ ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃውን ይላኩልን፣ ወደ እርስዎ ስም እናዞረዋለን። ለካ እኛም ተከራይ ነበርን።

ተስፋ መቁረጥ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ወንድሜ የሚገባበት በር እንዳይዘጋ ወንድሜን በወረቀት መግደል ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ቀበሌ ድረስ ሄደው ሞቷል ብለው ሊመሰክሩ ዝግጁ ነበሩ። ራሴን ይዤ አለቀስኩ። መጨረሻ ላይ ለእናቴ ነገርኳት።

«ወረቀቱን ካመጣን አይዘጋም፣ እማዬ» አልኳት።

«ልጄ ሲመጣ ሞተሃል የሚል ወረቀት ሊጠብቀው ነው?» አለችኝ። «ይዝጉት። እኔ ልጄን አልቀብርም።»

ቀነ ገደቡ ትናንት አለቀ። ዛሬ ጠዋት ያ ጭስ በመስኮት ሲገባ አድራሻውን ጻፍኩ። አልተገኘም አለኝ። ፊደል ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም አልተገኘም አለኝ።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ዛሬ ክፍት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ወለል አድርጋ ከፈተችውና ነፋስ እንዳይዘጋው ድንጋይ አስደገፈችው።