ጸበል የጠገበችው ሳይክል

ደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አምሳል ያርጋል የተቃጠለ ሞተር ስትፈታና የመዳብ ሽቦ ስትጠመጥም ትውላለች። የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ መሳቢያ፣ የባጃጅ ዲናሞ፣ እጇ ያልገባ የለም። ንግግር አታበዛም። ደንበኛ ሲመጣ ዕቃውን ትቀበልና ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በእጇ ታሽከረክረዋለች። ከዚያ ወይ «ይሠራል» ወይ «አይሆንም» ትላለች። ከዚህ ያለፈ ቃል ከአፏ የሰማ ሰው ካለ የቤት ሰው ነው።

የቤት ሰው የምትላቸውም እናቷ ወይዘሮ ሰገነትና ታናሽ ወንድሟ ማዕረግ ብቻ ናቸው። አባቷ ያርጋል የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሊማሊሞ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ገደል ይዞት ሲገባ አምሳል ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት የሊማሊሞ ስም እንደ ሟች ስም ነው፤ ዝም ብሎ አይጠራም።

ይሁን እንጂ የማዕረግ እንጀራ ከዚያው መንገድ ላይ ተጻፈ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ሲመደብ፣ የሚያክማቸው ከብቶች ከገደሉ ግርጌ፣ ቆላው ውስጥ ሆኑ። ቤንዚን በጠፋበት ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ግድግዳ ተደግፎ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። ማዕረግ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ጠዋት መንገድ ዳር ይቆማል፤ የሚጭነው ሲያጣና በረዶው ሲቀልጥ ይመለሳል። በዚህ መሀል ቆላው ውስጥ አባ ሰንጋ የሚሉት የከብት በሽታ ገባ። አንድ ቀን ምሳው ቀርቦለት ሳይቆርስ ተቀመጠና፣ በሬ ቀንበር ተሸክሞ እንደ ቆመ ወድቆ እንደሚሞት፣ ሰዉም ሥጋውን መጣል አንጀቱ እምቢ ብሎት እንደሚበላ፣ በሬውን የገፈፉ ሰዎች እጅ ላይ ጥቁር ቁስል እንዳየ ነገራቸው። እናቱ አማተበች። አምሳል በማግስቱ የሱቋን በር ከውስጥ ቆልፋ ሥራ ጀመረች።

ከጎንደር በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭነው የሚመጡ የኤሌክትሪክ ሳይክሎች አሉ። ለሜዳው አስፋልት ደህና ናቸው፤ ሊማሊሞን ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ግን ይዝላሉ። ስለዚህ ከባዶ መነሣት ነበረባት። የጠንካራ ሳይክል አካል ፈልጋ አገኘች፤ መጋጠሚያዎቹን በቧንቧ ብረት ደግፋ በየደቻቸው። ከተሰበረ ስኩተር ላይ በጎማው እምብርት ውስጥ የሚቀመጠውን ሞተር አወጣች፤ ስስ መዳቡን ፈትታ በወፍራም ተካችው። ባትሪውን የሠራችው ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ከወጡ ሴሎች ነው። አንድ በአንድ እየፈተነች ደካማውን ከብርቱው ለየች፤ የደከመ በሬ ከበረታ ጋር ሲጠመድ ሁለቱም ይጎዳሉና።

መናኸሪያው በር ላይ የሚቆሙት ባለባጃጆች ከሱቁ ውስጥ የብየዳ ብልጭታ ባዩ ቁጥር ይሣሣቁ ነበር። የአምሳል ሳይክል ሊማሊሞን ትችላለች አሉ፣ ይላል አንዱ። ቁልቁልማ ድንጋይም ይችላል፣ ይላል ሌላው። ሳይክሏ ማዕረግን ይዛ ዳባት ደርሳ፣ ዳገቱን ከጭነት መኪና ፊት ወጥታ ስትመለስ ቀልዱ በረደ። ድምፅ አልነበራትም፤ የጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚሰማው።

በዚያ ሙከራ ላይ አምሳል ሁለት ነገር አስተካከለች። ፍሬን ሲያዝ ኤሌክትሪኩን የምታቋርጥ ቀጭን ሽቦ ነበረች። ማዕረግ ጣቱን ከፍሬን ላይ ማንሣት ስለማይሆንለት ዳገት መሀል ኃይሏ እየተቋረጠ አስቸገረው፤ አምሳል ሽቦዋን ቆረጠቻት። ሌባ እንዳያንቀሳቅሳት ደግሞ ዋናውን ማጥፊያ ከመቀመጫው ሥር በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ አስገባችው። አንዱን ቁልፍ ለማዕረግ ሰጠች፤ ሌላውን በአንገቷ አንጠለጠለች። ባትሪው ያለበትን ሣጥን ውሃ እንዳይገባው በሲሊኮን ደፈነችው። ፍጥነት የሚሰጠው የቀኝ እጀታ ብቻ ሳይደፈን ቀረ። በውስጡ ውሃ የማይወድ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ግን ወሩ መጋቢት ነው፣ ዝናብ የለም፣ ክረምት ሳይገባ እደፍነዋለሁ ብላ ተወችው።

አዲስ መኪና ጸበል ሳይረጭበት መንገድ አይወጣም። ለመጀመሪያው ጉዞ ዋዜማ ወይዘሮ ሰገነት ቄስ ቴዎፍሎስን ጠራች። ቄሱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ በመስቀላቸው ባርከው፣ ከያዙት ጸበል ጥቂት ጠብታ ረጩ። አምሳል ጠብታዎቹ የት የት እንዳረፉ በዓይኗ ተከተለች። እሳቸው ሲሄዱ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻቸው፤ እናቷ እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ።

ጠዋት ደባርቅን ጉም ሸፍኗታል። ሳይክሏ ከአጥሩ ውስጥ እርጥብ ብላ ቆማለች። አምሳል ጤዛ ነው አለች በልቧ፤ መቀመጫውን በክንዷ ጠረገችለት። ማዕረግ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ አሰረ። እናቱ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ እንደ ጾም ፍቺ ቀን ብሩህ ነው። ዛሬ ለምን አታለቅሺም ብሎ ቀለደባት። ምን አስለቀሰኝ፣ ሂድ አለችው። ጉሙ ዋጠው።

አምሳል ወደ ሱቋ ልትሄድ ስትል እናቷ ከኋላዋ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ቄሱ እንኳ ጠብ ጠብ አድርገው ሄዱ፤ ለዶሮ ጥምም አይበቃ። እኔ ሌሊቱን ሳስበው ስላልተኛሁ፣ ጎህ ሲቀድ ያን የሚካኤልን ጸበል ጀሪካኑን ገለበጥሁባት።»

አምሳል ዞር አለች። «የት ላይ ነው ያፈሰስሽው?»

«መላዋን። እጁ የሚይዘውን ደግሞ ደጋግሜ። እጁን እንዲጠብቅልኝ ብዬ።»

አምሳል ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሣም። ማዕረግ ሲነዳ ስልኩን ቦርሳው ውስጥ እንደሚከት ታውቃለች። ደግማ ደወለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር «የደወሉላቸው ደንበኛ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናቸው» አላት ስልኩ። ወደ ዋናው መንገድ ስትሮጥ እናቷ ምን ሆንሽ እያለች እንደተከተለቻት እንኳ አልሰማችም። የምትሰማው በእጀታው ውስጥ የሚሰርገውን ውሃ ነው። ማዕረግ እጁን ይለቃል፤ እጀታው ግን ያልተለቀቀ ይመስለዋል፤ ሞተሩ ይገፋል። ፍሬን ቢይዝ ሞተሩ ከፍሬኑ ጋር ይታገላል፣ ፍሬኑ ግሎ እስኪከዳው። የምታቋርጠውን ሽቦ በራሷ መቀስ ቆርጣለች። ማጥፊያው ከተቀመጠበት ሥር፣ በቁልፍ ተዘግቷል። ከፊቱ ደግሞ ሊማሊሞ ነው።

የሀብተ ሚካኤል አይሱዙ ጤፍ ለመጫን ወደ ቆላ ባዶውን ሊወርድ ሲል ደረሰችበት። ሀብተ ሚካኤል አባቷ ረዳት በነበረ ጊዜ ወጣት ሾፌር የነበረ፣ አሁን ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ማስነሻውን ስትሠራለት ኖራለች። በሩን ከፍታ ሳትጠየቅ ወጣች።

«ይሠራል ነው ወይስ አይሆንም?» አላት እየሣቀ።

«ጋሼ፣ ማዕረግ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ይድረሱበት። ሳይክሏ እጁን አትሰማም።»

ሣቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ማርሽ አስገባ።

ከከተማው ሲወጡ ጉሙ ሣሣ። ሜዳው ላይ ማዕረግ የለም። የገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱም የለም። ሀብተ ሚካኤል መኪናውን በከባድ ማርሽ አሰረና መውረድ ጀመሩ። ልፍጠን ቢል አይሱዙው ራሱ ገደል ይከተዋል። አምሳል በየጠመዝማዛው ወደ ታች ታያለች፤ መንገዱ ከሥራቸው እንደ ተጣለ ገመድ ተጠቅልሎ ይታያል፤ በላዩ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን የለም። ያለመታየቱን እንዴት እንደምትተረጉመው አላወቀችም።

አንድ መታጠፊያ ላይ በቅሎዎች የሚነዱ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆመው ከእንስሶቻቸው አንዷን ያረጋጋሉ። ሀብተ ሚካኤል አንገቱን በመስኮት አወጣና ሳይክል አይተው እንደሆነ ጠየቃቸው። ሰውየው ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ መለሱ። ድምፅ የሌለው ነገር ነው ያለፈን፣ የአሞራ ጥላ መስሎኝ ነበር አሉ። ላዩ ላይ ያለው ልጅ ዞር በሉ፣ ዞር በሉ ይላል፤ በቅሎዬ ደንብራ ገደል ልትገባብኝ ነበር። ከዚያ የአምሳልን ፊት አዩና ነገራቸውን አሳጠሩ። እግዚአብሔር ይሁነው፣ አሉ።

ሀብተ ሚካኤል አንድ መታጠፊያ ሲቃረቡ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል በእጁ ጀርባ አፉን አበሰ። ለአምሳል አባቷ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደወደቀ ቤት ውስጥ ተነግሯት አያውቅም፤ አሁን ግን አወቀች። ባዶውን መንገድ አልፈውት ወረዱ።

ቀድማ ያየችው የበረዶ ሣጥኑን ነው፤ አስፋልቱ መሀል ክዳኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። ቀጥሎ መንገድ ሠሪዎች ከተራራው ጥግ ያፈሰሱትን የጠጠር ክምር አየች። ሳይክሏ በጎኗ ወድቃ ግማሽ አካሏ ጠጠር ውስጥ ተቀብሯል። የኋላ ጎማዋ ግን አሁንም ይዞራል፤ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ ጠጠሩን እየጫረ እንደ ወንጭፍ ወደ መንገዱ ይረጫል። ማዕረግ የለም።

መኪናው ሳይቆም ዘለለች። ስሙን ጠራች። ከክምሩ ማዶ፣ ከቦዩ ውስጥ ድምፁ መጣ።

«አትጠጊያት። ገና አልጠገበችም።»

ልትሄድለት እግሯን አነሣችና ቆመች። ጎማው በጫረ ቁጥር ሳይክሏ እየተንፏቀቀች ፊቷን ወደ ቦዩ ታዞራለች። ዝም ካሏት ጠጠሩን ጨርሳ ከነባትሪዋ እሱ ላይ ትንከባለላለች። አምሳል በፊት ጎማው በኩል ዞረች። ድንጋይ ግንባሯን መታት። በደረቷ ተኝታ ክንዷን ከመቀመጫው ሥር ሰደደች። ቁልፉን ከአንገቷ ሳታወልቅ፣ አንገቷን ወደ ሣጥኑ አስጠግታ፣ የሚዞረው ጎማ ነጠላዋን እየላሰ፣ ቀዳዳውን በጣቷ ፈለገች። አንዴ ሳተች። ሁለተኛው ገባ። ማጥፊያውን ወደ ታች ጫነችው።

ጎማው ቀስ እያለ ቆመ። ያኔ ብቻ ነው ተራራው ላይ ነፋስ እንዳለ የሰማችው።

የማዕረግ የቀኝ ክንድ ተሰብሯል፤ ጉንጩ ተልጧል። እጀታውን ለቅቄ ነበር፣ ምንም ሳልነካት ነው የበረረችው እያለ ደጋግሞ ነገራት፤ እንዳታምነው የፈራ ይመስል። ጠጠሩን ባየ ጊዜ ሆን ብሎ ገባበት። ቀጥሎ የተናገረው ስለ ሣጥኑ ነው። ሀብተ ሚካኤል ክትባቱን ይዞ እንዲወርድና ቆላ ለሚጠብቀው ባልደረባው እንዲሰጥ ለመነው። ሽማግሌው ሣጥኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ አንሥቶ ጋቢና አስቀመጠው። ሽቅብ የሚወጣ መኪና አስቁሞ ሁለቱን ልጆች ከነሳይክሏ ሳይጭን ግን አልተንቀሳቀሰም።

ከሰዓት በኋላ ማዕረግ ክንዱ በጄሶ ታስሮ ቤቱ ገባ። ጎረቤት ሲጎርፍ ዋለ። ወይዘሮ ሰገነት ለመጣው ሁሉ ትናገራለች። ጸበሉ ነው ያወጣው። አባቱን የበላው ሊማሊሞ እሱን የመለሰው በጸበሉ ነው። ጎረቤቱ እውነት ነው፣ እውነት ነው ይላል። ማዕረግ በደህና እጁ የእህቱን ጉልበት ነካ አደረገ። ተያት፣ ማለቱ ነው።

አምሳል ብትተዋት ደስ ይላት ነበር። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊማሊሞን ሳትንቀጠቀጥ ጠራችው። ነገር ግን ክንዱ ሲድን ማዕረግ እንደገና ይወርዳል፤ በዚያን ቀን ጎህ ሲቀድ ጀሪካኑ ሁለት ይሆናል። ጎረቤት እስኪወጣ ጠበቀች።

«እምዬ፣ ሳይክሏን ያስበረራት ውሃው ነው። እጀታው ውስጥ ገብቶ ነው።»

ወይዘሮ ሰገነት ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ማዕረግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ውሃ እንደሚጎዳት ታውቂ ነበር?» አለች እናቷ።

«አዎ።»

«ጠብታውን ስትጠርጊ አይቼሻለሁ። ጸበል የጠላሽ መስሎኝ፣ በዚያ ተናድጄ ነው ጀሪካኑን የገለበጥሁት።» ድምፅዋ አልጮኸም። «እኔ ቀሚስ ስሰጥሽ እንኳ በፍል ውሃ አትጠቢው፣ ይለቅቃል ብዬ ነው። አንቺ ልጄን የምታስቀምጭበትን ነገር ሠርተሽ፣ እኔን እንደ ቤት ግድግዳ አለፍሽኝ። ብትነግሪኝ አልሰማም ነበር?»

እናቷ ተናዳለች፤ ግን አምሳል ትሰበራለች ብላ የፈራችው ሴት አልተሰበረችም። ፈርታ ዝም ያለችላት ደካማ ሴት ከመጀመሪያውም አልነበረችም።

ጄሶው በተቆረጠ ሰሞን አምሳል እናቷን ሱቅ ወሰደቻት። ሳይክሏ ተሠርታ ቆማለች። የፍሬኑ ሽቦ ተመልሷል፤ ማጥፊያው ከመሪው አጠገብ አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ ወጥቷል፤ እጀታው ተደፍኗል። አምሳል የእናቷን ጣት ይዛ በእያንዳንዱ ላይ አሳረፈችና ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠላ አስረዳቻት። ያን ያህል ስታወራ የሰሙት ባለባጃጆች በር ላይ ተሰብስበው ያዳምጡ ነበር።

«ይህስ?» አለች ወይዘሮ ሰገነት፣ የፊቱን ጎማ በእጇ መታ መታ አድርጋ።

«እሱ ወንዝ ቢገባም ግድ የለውም።»

«እንግዲያ ለኔ እሱ ይበቃኛል።»

ማዕረግ እንደገና በሄደበት ጠዋት ጀሪካኑን ሁለቱ ሴቶች አብረው ያዙት፤ እናቲቱ አፈሰሰች፣ ልጂቱ ከጎማው ወደ ላይ እንዳይወጣ አዘነበለችላት። ሳይክሏ ያለ ድምፅ ወጣች። መንገዱ ባዶ ከሆነ በኋላም ደጃፉ ላይ ቆሙ። ቀዝቅዟል፣ ግቡ አላቸው አንድ አላፊ፤ አልገቡም። ፀሐይ ጉሙን ገፍፋ፣ ከቆላ ደርሻለሁ የሚለው ስልክ እስኪጠራ ድረስ አንዳቸውም አልተቀመጡም።