በምስማር ቀዳዳ የገባው ፊልም

ያሳሰረኝ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ጊዜው ግንቦት፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ደሴ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ጥፋቴ ተረት መጻፌ ነው። ፊዚክስ አስተምር ነበር። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ የሚያስቅ ታሪክ እጽፋለሁ። ጓደኛዬ፣ የአማርኛ መምህርቷ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርመውና በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ታነበዋለች። ታሪኩ የአንድ ሚኒባስ ረዳት ነው። ሚኒባሷ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ በዚያው ሽቅብ ትቀጥልና ዝቅዝቂት የምትባል ኮከብ ላይ ታርፋለች። እዚያ ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ በራሱ ነው የሚሄደው፤ ሰላምታውም በእግር ነው። ረዳቱ በሩን እንደያዘ "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። የኮከቧ ሹም ትልቅ ሰው ነው፤ እግሩ ወደ ላይ ስለሆነ ግን የጫማው ሶል መቀደዱን አገሩ በሙሉ ያያል።

ታሪኩ ሲነበብ ልጆቹ ኳስ ያቆሙ ነበር። ምክትሉ ግን አልሳቀም።

"ሶሉ የተቀደደው ሹም ማን ነው?" አለኝ።

"የዝቅዝቂት ሹም ነው" አልኩት።

ማክሰኞ ፖሊሶች መጡ።

ሹራቤን እንደለበስኩ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት አወረዱኝ። ክፍሉ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ በሩ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጥላሸት የጠጣ ነው። የበርበሬ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ልጃቸው እስኪገኝ በእሱ ፈንታ የተያዙ የኩታበር እናት ናቸው። ሁለተኛዋ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ስብሰባ ላይ ስቀሻል ተብላ ነው የገባችው።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ እናት ፊቴን አይተው።

ሠራተኛዋ ትክ ብላ አየችኝ። "የዝቅዝቂትን ታሪክ የጻፉት ቲቸር እርስዎ ነዎት እንዴ? እኛ እኮ ከተማሪዎቹ ሰምተን ማሽን ላይ ቆመን ነው የምንተራረከው። ረዳቱ ተመለሰ?"

"ገና አልጨረስኩትም።"

"እንግዲያው ሳይጨርሱ አይልቀቁዎት።"

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ነው፤ አንቺ ይለኛል። "ጓደኛሽ ሁሉን ነገር በአንቺ ላይ ጥላዋለች። የታሪኩን ደብተር ነገ ጠዋት ራሷ ይዛልን ትመጣለች። ቀድመሻት 'ያጻፈችኝ እሷ ናት' ብለሽ ከፈረምሽ ነገውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ደብተሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍ ያለው ጓደኛዬና ምክትሉ ዘንድ ብቻ ነበር። ጓደኛዬን አመንኳት ማለት አልችልም። ጠዋት ልፈርምባት ቆረጥኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛዋ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ "ቲቸር፣ ግድግዳው ላይ ሰው ይሄዳል" አለች።

እውነቷን ነው። ፀሐይ የግቢውን ወዲያኛ ጎን መትታዋለች። በሩ ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ ነበረች፤ ብርሃኑ በእሷ ገብቶ ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ግቢውን ከነቀለሙ ደብዘዝ አድርጎ ሥሎታል፤ ሰማዩን ከታች፣ መሬቱን ከላይ። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በካርቶን እያሠራሁ አስተምር ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ገብቼ ግን አላውቅም።

የቀሩትን ቀዳዳዎች በካልሲና በወረቀት ደፈንን። ግድግዳው ስለጠቆረ ነጭ ጨርቅ አስፈለገን። እናት ነጠላቸውን አወለቁ።

"የሰላት ነጠላዬ ነው። እስከ ዙህር ውሰጂው። ዙህር ሲደርስ ሲኒማሽ ይዘጋል።"

ነጠላውን እንደሰቀልነው ምስሉ ጠራ። አንድ ፖሊስ በራሱ እየሄደ መጣና ቆሞ ሻይ ጠጣ።

"ሱብሃነላህ፣ ሻዩ አይደፋበትም?" አሉ እናት።

"ዝቅዝቂት ላይ ሻይ ሽቅብ ነው የሚጠጣው" አለች ሠራተኛዋ። "ቲቸር፣ ይጀምሩልን እንጂ።"

ጀመርኩ። የግቢው ሰዎች በነጠላው ላይ ይመላለሳሉ፣ እኔ እናገርላቸዋለሁ። ጄሪካን የተሸከመውን የሹሙ አማካሪ አደረግሁት። የግቢው በር ላይ የቆመውን ደግሞ ረዳቱ ደሴ ልውሰድህ እያለ ነዘነዘው። እናት አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ይስቃሉ። ሠራተኛዋ "በዚህች ሳቅ ስንት ይጨምሩብኝ ይሆን?" እያለች ትንፈራፈራለች።

በዚህ መሀል አንድ ራሰ በራ ሰው በነጠላው ጫፍ ብቅ አለ። ፀሐይ ላይ የዘረጋው ጥቁር ዣንጥላ ከበታቹ እንደ ድስት ተቀምጧል።

"ይሄኛውስ በመላጣው ድስት ይወለውላል!" አለች ሠራተኛዋ።

አረማመዱን አውቀዋለሁ፤ ምክትሉ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ ኮሪደር አይቼዋለሁ። በብብቱ ውስጥ ቀዩ የታሪክ ደብተራችን ነበር። ወደ መርማሪው ቢሮ ገባ፤ ሲወጣ ደብተሩ አብሮት አልነበረም። ጓደኛዬ የለችም። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ወዲያው ተጠራሁ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ጓደኛሽ አሁን አምጥታው ሄደች" አለ መርማሪው፣ እስክሪብቶውን እየሰጠኝ።

ዣንጥላ ይዛ ነበር ወይ ልለው ምላሴን በላኝ። ዋጥኩት፤ ቢያውቅ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩና ፊቱ አስቀመጥኩለት።

"አልፈርምም።"

"ትቆያለሽ እንግዲህ።"

"እቆያለሁ። አሁን መልሱኝ፣ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት።"

ዙህር ሳይደርስ ተመለስኩና ቀጠልን። ከዚያ በኋላ፣ ሳልፈርም እስኪለቁኝ፣ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ፤ ሁሉም ጠዋት ግን ፀሐያማ አልነበረም። ረዳቱን ወደ ደሴ የመለስኩት በመጨረሻው ቀን ነው። እናት "ተመስገን፣ የሰው ልጅ ቤቱ ገባ" አሉ።

ዘንድሮ የደሴ ወጣቶች ታሪኩን ፊልም አደረጉት። ጽሑፉን ለፊልም ያዘጋጀችው ጓደኛዬ ናት። ሰዎቹ በራሳቸው የሚሄዱት እንዴት ይሁን ብለው ሲጠይቁኝ ካሜራውን ገልብጡት አልኳቸው። አንድ ራሰ በራ፣ ጥቁር ዣንጥላና ቀይ ደብተር የያዘ ሰው እንዲጨመርም ጠየቅሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሠራተኛዋ ከኮምቦልቻ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ በነጻ ትስቃለች። ለምክትሉ የጥሪ ካርዱን የላክሁለት እኔ ነኝ። ወንበሩንም ከፊት፣ መሀል ላይ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ራሰ በራው ሸራው ላይ ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ምክትሉ እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

አንዳንዴ ጠዋት ነጭ ልብስ ሳሰጣ እናትን አስባቸዋለሁ። ልጃቸው ተገኝቶ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያን ጠዋት ልፈርምባት እንደነበር ለጓደኛዬ ነግሬያት አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ትናንት ለእርማት ሰጠኋት፤ ቀይ እስክሪብቶ ጨምሬ።