የእህቴ ጣሳዎች

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶቼ ልብስ አጥበው በረንዳ ላይ ሲያሰጡ፣ የእርጥብ ሳሙና ሽታ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሽቅብ ወጥቶ እኔ ክፍል ይገባል። ሌላው ሰው ልብ አይለውም ይሆናል። እኔ ግን ያ ሽታ በአፍንጫዬ ሲገባ የእህቴን እጆች አያለሁ፤ ቀልተው፣ ጣቶቻቸው ተጨማድደው፣ መዳፋቸው ተልጦ። በልጅነታችን የተከራየናት ቤት ከዚህ ሩቅ አልነበረችም። ልደታ ያኔ የጭቃ ቤትና የባሕር ዛፍ ሰፈር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና ወደ ሰንጋ ተራ የሚነዱት ከብቶች ጩኸት አንድ ላይ ይሰማ ነበር።

እህቴን የቀበርናት በቅርቡ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አንድ ዘመዳችን ንፍሮውን እየቃመ፣ «ደግ ነበሩ፤ ግን ትንሽ ቋጣሪ ነበሩ» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። እንባዬ ደረቀ። ይህን የምነግርህ ለዚህ ነው፣ ልጄ። እህቴ ምን እንደቋጠረች፣ ለማንስ እንደቋጠረች የሚያውቅ ከእኔ ሌላ በሕይወት የለም።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ አንድ ጠዋት በሰፈራችን ወንድ ሲለቅሙ አባታችንንም ወሰዷቸው። ግንበኛ ነበሩ። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ የነገረን የለም፣ ዛሬም አላውቅም። እናታችን ቀደም ብላ አርፋ ነበር። እህቴ ገና ያልተዳረች ኮረዳ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የወተት ጥርሴን ጥዬ ያልጨረስኩ ልጅ።

የአባቴ ወንድም ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሆኖ አባታችን በታሰሩበት እስር ቤት ይሠራ ነበር። ታላቅ ሰው ስለሆነ «እሳቸው» ማለት ይገባኛል፤ አንደበቴ ግን እምቢ ይለኛል።

እህቴ የጣሊያን መኮንኖች ልብስ በሚታጠብበት ቤት ሥራ አገኘች። ቀኑን ሙሉ በሳሙና ውኃ ውስጥ ቆማ ቅዳሜ ማታ ደመወዟን በጣሊያን የወረቀት ገንዘብ፣ በሊሬ፣ ይዛ ትመጣለች። ነጋዴው ያንን ወረቀት ሲያይ ዋጋ ይሰቅላል፤ ጠገራ ብር ለያዘ ደግሞ ያወርዳል። ወረቀቱን ያመጡብን ሰዎች የቆሸሸ ሸሚዛቸውን ለምታጥብላቸው ልጅ በጠገራ አይከፍሉም ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጣሊያኖቹ ቲማቲሙን በልተው የሚጥሉትን ባዶ ጣሳ ለቅማ አመጣችና ደመወዟን ትከፋፍልባቸው ጀመር። አንዱ ለቤት ኪራይ፣ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለሳሙናና ለማገዶ፣ አንዱ ለአባታችን ስንቅ። ፊደል ስላልቆጠረች በየአንዳንዱ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው የጨርቅ ቁራጭ አሥራ ለየቻቸው። ከአንዱ ወስዳ ወደ ሌላው አትገለብጥም። እህሉ ቀድሞ ካለቀ የቀረውን ቀን ሽንብራ ቆርጥመን እናድራለን፤ የስንቁ ጣሳ ግን አይነካም።

መጀመሪያ ላይ ግን ሂሳቡ ውሸት ነበር። ለራሷ ምሳ አልመደበችም። ሌሎቹ ሴቶች ሲበሉ እሷ ውኃ ጠጥታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ገንዳው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀችና ተሸክመው አመጧት። አከራያችን ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ኪራይ በሰዓቱ ካልመጣላቸው የሚቆጡ። ያን ዕለት አጥሚት አፍልተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አባትሽን የምታበይው በሕይወት ስትኖሪ ነው» አሏት። «አንቺን የረሳ ሂሳብ እስከ መቼ ይዘልቃል?»

እህቴ ሲሻላት የነበሩንን ሁለት ክፍሎች ዞር ዞር ብላ አየች፤ ትልቁን፣ ብርሃን የሚገባውን፣ እናታችን የሞተችበትን ክፍል ለአከራያችን መለሰችና ወደ ጓሮዋ ጠባብ ክፍል ገባን። ከኪራዩ በተረፈው አምስተኛ ጣሳ ለምሳዋ አቆመች። እኔ ትልቁን ክፍል ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ምንጣፋችንን አነጠፈችና አብረን ተኛን። ከዚያ በኋላ አልወደቀችም።

ስንቁን ጎህ ሳይቀድ ትሠራለች። ሽሮው ሲንተከተክ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ እነቃ ነበር። ምግቡን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ እኔን በእጄ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ሴት ወደ ውስጥ አይገባም፤ ስንቁን ከእጇ የሚቀበለን አጎቴ ነው። በተቀበለን ቁጥር ለዘበኞቹ እያለ ጥቂት ሳንቲም ይወስድ ነበር። እሱንም ከስንቁ ጣሳ ትሰጠዋለች።

አንድ እሁድ ያ አጎቴ ጫማውን አስወልውሎ መጣ። አንድ ሹም እንዳለ፣ ጥሩ ገንዘብ ከተሰጠው አባታችንን እንደሚያስፈታ ነገራት። የጠራው ገንዘብ ጣሳዎቹ በሙሉ ቢገለበጡ እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ለጊዜው ያለውን ስጪኝ፣ የቀረውን ተበድረሽ ታመጫለሽ አላት። እህቴ የሹሙን ስም ጠየቀችው። አይነገርም አለ። ይዘውኝ ይሂዱና በእጄ ልስጥ አለች። አይሆንም አለ።

«እንግዲያው የአባቴን ስንቅ ቆርጬ ስሙን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም፣ ጋሼ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከቅዳሴ የወጣውን ሰው ሁሉ እያስቆመ፣ ያቺ ልጅ ለገንዘብ ብላ አባቷን እስር ቤት አስቀረች ሲል አወራ። ሴቶች ሰላምታ ነሱን። አንዷ የእናቴ ባልንጀራ የነበረች መንገድ ላይ ስታየን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለፈች። እህቴ ያንን ሁሉ ዋጠችና ቅዳሜ ሲመጣ ደመወዟን እንደ ወትሮው ከፋፈለች።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ምሕረት ተደረገ ተባለና ብዙ እስረኞች ተለቀቁ። አባቴም ከነሱ ጋር ወጡ። ማንም ለማንም አልከፈለም። አጎቴ ግን ክንዳቸውን ደግፎ፣ ራሱ ያስፈታቸው ይመስል፣ በሰፈሩ መሐል ይዟቸው መጣ። አባቴ ከስተው፣ ጢማቸው ሸብቶ ነበር። እኔን ስመው አለቀሱ። እህቴን ግን በግንባሯ ብቻ ሳሟት። በመንገድ ላይ ምን እንደተነገራቸው ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ጣሳዎቹን ራሳቸው ከፍተው ያለውን በሙሉ ወሰዱ። ለምስጋና በግ ይታረድ ያለው አጎቴ ነው። እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አባባ፣ የኪራዩ እንኳ ይቆይ» አለች። ዝም በይ አሏት።

ሰው ሲሰበሰብ አባቴ ተነሥተው ቆሙ። «ወንድሜ ባይኖር አጥንቴን ነበር የምትለቅሙት» አሉ። «ቀን ሳይዘል ከቤቱ ስንቅ የላከልኝ እሱ ነው።»

እህቴ ወጥ ይዛ ቆማ ነበር። ከዚያ ጎንበስ አለችና ለአጎቴ ጨለፈችለት። አላስቻለኝም። ስንቁን ያበሰለችው እህቴ ናት፣ እሱ ከበር ላይ ብቻ ነው የተቀበለን አልኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል። አጎቴ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ የልጅ አፍ ነው አሉ። አባቴ በእጃቸው በሩን አሳዩኝ፤ ግብዣው እስኪያልቅ ደጅ ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። የተጠበሰው ሥጋ ሽታ ይመጣል፣ እኔ በንዴት ጥርሴን አፋጫለሁ።

ወሩ ሲያልቅ አከራያችን ለኪራዩ መጡ። ጣሳው ባዶ ነበር። አባቴ አፍረው፣ ከወንድሜ ተበድሬ አሁን አመጣለሁ ብለው ሄዱና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እጄ ላይ የለም ብሏቸዋል፤ ከበሩ አላስገባቸውም።

«ስንቅ ሲልክልኝ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ነካው?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው።

አከራያችን ትክ ብለው አዩዋቸው። «ጎህ ሳይቀድ በዚህ ግቢ እሳት የሚያነደው ማን ይመስልዎ ነበር?» አሏቸው። «ትልቁን ክፍል የመለሰችልኝስ ለምን ይመስልዎታል?» ከዚያ ኪራዩ ለቀጣዩ ወር ይተላለፍ ብለው ወጡ።

አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ስትጠልቅም እዚያው ነበሩ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ በዚያ ዘመን አባት ለልጁ እንዲያ አይልም ነበር፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጥብቅና ልቆምላቸው አልችልም፤ ማለት ነበረባቸው።

ቅዳሜ ማታ እህቴ መጣች። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጣሳዎቹን ደረደረች። የስንቁን ጣሳ በእጇ አንሥታ ጨርቁን ፈታችና በአባቴ ፊት አኖረችው።

«አባባ» አለች፣ «ሥራ እስኪያገኙ ለአፍንጫዎ ሱረትና ለኪስዎ ስንት ልመድብልዎ?»

አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። እህቴ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አንሥታ፣ እንዳላየች ሆና፣ የሊሬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማቃናት ጀመረች።