«ጌት»ን ሳንጨርስ

አሶሳ በኖርኩባቸው ዓመታት ተረጋግቼ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ጠመኔውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየርኩ ከመስኮት ወደ በር እመላለስ ነበር። ዝውውር ጠይቄያለሁ። ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ናት፤ እኔ እናቷ እዚህ የሰው ልጆች አስተምራለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ትምህርት ቢሮ ይመስለኛል፤ ከፍቼ «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚል መልእክት ሳገኝ ልወረውረው ይቃጣኛል።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢ ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ እሰጥ ነበር። ቤቴ ብቻዬን ከምቆዝም ብዬ የጀመርኩት ነው። ተማሪዎቹ ሸርቆሌ ባለው የስደተኞች መጠለያ ሥራ የሚፈልጉ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ያለ እንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ አይታለፍም። አንዷ ገበያ ላይ ባሚያ የምትሸጥ የበርታ ሴት ነበረች። ዐረብኛ እንደ ውኃ ይወርድላታል፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ እንግሊዝኛዋ ግን ገና ዳዴ ይላል። ሌላው አባቱ በደርግ ሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ወጣት ነው። ወሎን በዓይኑ አላየም፤ አነጋገሩ ግን ቁርጥ የወሎ። ዐረብኛውንም በርታኛውንም ከልጅነቱ ከገበያ ለቅሟል፤ በእንግሊዝኛውም የሚደርስበት አልነበረም። ሸርቆሌ ክሊኒክ የአስተርጓሚ ሥራ ወጣ ሲባል፣ የሱ ነው ብዬ በልቤ ሰጠሁት።

በዚያ ሰሞን «ጌት» የሚለውን ግስ ጀመርን። እውነቱን ለመናገር ይህን ግስ አልወደውም። አማርኛ ለማግኘት፣ ለመድረስ፣ ለመረዳት፣ ለመሳፈርና ለመውረድ ለየራሳቸው ቃል አለው፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ጌት ላይ ይጭናል። ደመወዝ ብትቀበል ጌት፣ ቤት ብትደርስ ጌት፣ ብትታመም ጌት፣ ብታገባ ጌት፣ ነገሩ ቢገባህም ጌት። ሰሌዳው ሞላ፤ እኔም ላብ በላብ ሆንኩ።

«አንተ ቲቸር» አለችኝ የበርታዋ ሴት፣ «ይሄ ቃል ቤት የለውም እንዴ? በሁሉ ሰው ቤት ያድራል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ወጋኝ። ይህን ያህል ዓመት ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋ ሥር አስቀምጬ የምኖር እኔ ነበርኩ።

በጌት ዐረፍተ ነገር ሠርተው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። በማግስቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ይዘው መጡ፤ ስህተቱ ሳይቀር አንድ። ነደደኝ።

«ማን ከማን ነው የገለበጠው?»

«ወላሂ ቲቸር፣ መገልበጥ አይደለም» አለ ወጣቱ። «ደቦ ነው። እሷ ግቢ ተሰብስበን ነው የሠራነው።»

ሴትዮዋ በሱዳን ዐረብኛ «ነፊር» ትለዋለች፤ ነገሩ ያው ነው። ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ ያርማል፣ ባለማሳው ያበላል፣ ነገ ተራው የሌላው ነው። እነዚህም የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ እየበሉ፣ ጌት አፏ ላይ እስኪለሰልስ ሲያስደግሟት ውለዋል።

«እንግሊዝኛ ማሽላ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ሥራው አንድ፣ የሚቀጠረው አንድ ሰው። ለየራሳችሁ አጥኑ!»

«እሺ» አሉ። እሺታው እኔን ለማክበር ነበር እንጂ ደቦውስ አልቀረም።

የቃለ መጠይቁ ዕለት አላስችል ብሎኝ በሚኒባስ አብሬያቸው ሸርቆሌ ሄድኩ። ስም ሲጠራ ከእኛ መካከል የገባችው እሷ ብቻ ናት። ጎበዙ ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሣር ያኝካል።

«አንተስ?» አልኩት።

«አልተመዘገብኩም ቲቸር። ደቦ አረሙ ከበረታበት ማሳ ነው የሚጀመር። የበረታው የሷ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ለእኔ ይቆማል። እርስዎም እስካሉ ድረስ።»

ዝውውር መጠየቄን አሶሳ ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ተናደድኩበት። እኔ በዝውውሩ ወረፋ ማን ቀደመኝ እያልኩ ስብሰለሰል፣ እሱ ወረፋውን እንደ ማንጎ ለሰው ያድላል።

እሷ ሥራውን አገኘች። ወጣቱ ከእሷ በላይ ጨፈረ፤ እኔ ደስታዬን ከንዴቴ መለየት አቅቶኝ አጨበጨብኩ።

ክረምቱ ሳይገባ ዝውውሬ መጣ። ቶሎ ደሴ ሪፖርት ካላደረግሽ ቦታው ለሌላ ነው ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ደስታውም ቢሆን እንደ ጭንቀቱ አላስቀምጥ አለኝ። ይህን ሁሉ ዕቃ ብቻዬን እንዴት ላንሳው እያልኩ በክፍሉ ውስጥ ስሽከረከር፣ በጠዋት በሩ ተንኳኳ። የማንጎው ሥር ክፍል በሙሉ ቆሟል። እሷም ከሸርቆሌ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች።

«ዛሬ ያንተ ተራ ነው» አለችኝ።

አልጋዬን ፈቱ፣ ፍራሼን ጠቀለሉ። እሷ የወጥ ቤት ዕቃዬን ለሁለት ከፍላ፣ ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ፣ ድስቱን እያንኳኳች ወደ መነኻሪያ ቀደመችን። የደቦ ባለቤት ያበላል። እኔ ግን ከዳቦና ከማንጎ በቀር ቤቴ ምንም አልነበረኝም፤ አፈርኩ። እነሱ ቆመው በሉልኝ።

ወጣቱ የመጨረሻውን ጥቅልል አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስሮ ወረደ። እጁን ያዝኩት።

«ተራህ ሲደርስ ደውልልኝ፣ እሺ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ደርሷል ቲቸር። ማክሰኞ ነው ቃለ መጠይቁ። መንገድዎን እንዳላሰናክል ብዬ ነው ያልነገርኩዎ።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አባቴ ደሴን ሰላም ይበሉልኝ ብሏል» አለ።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ስልኬን ሳወጣና ስመልስ ባምባሲ ደረስን። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ደወልኩለት። ሰላምታም አልሰጠሁ፤ «ጌት አፕ» አልኩት፣ «ዐረፍተ ነገር ሥራበት!» ሠራ። ከኋላው የሌሎቹ ድምፅ ተከትሎ ሲደግም ይሰማኛል፤ ከመነኻሪያው አልተበተኑም። ጌት ኦን አልን፣ ጌት ኦፍ አልን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «የኔ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አሉኝ። «ተራዬን እየመለስኩ ነው አባባ» አልኳቸውና ወደ ጌት ሎስት ገባሁ።

መንዲን እንዳለፍን ኔትወርኩ ተቆረጠ። ጌት ገና ግማሹ ይቀረን ነበር። መስኮቱን ከፈትኩት። ተሳፋሪው ሁሉ «ብርድ ገባ፣ ዝጊው!» እያለ ሲጮህብኝ፣ ስልኬን በእጄ ወደ ውጭ ዘርግቼ፣ እስከ ነጆ ኔትወርክ ስፈልግ ሄድኩ።